ሁለት አዲስ ጎማ

«ከኋላ ነው ያልኩህ።»

«ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም። እኔ የምልህ ከፊት ነው።»

በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ሰቆጣ የታደለ ጎሚስታ ቤት ስደርስ፣ ሁለት ሸበቶ ሰዎች ሁለት አዲስ ጎማ መሃላቸው አጋድመው እንዲህ ይባባሉ ነበር። አንዱ አቶ ወርቁ፣ የመኪናዋ ባለቤት ናቸው። ሌላው አያ ሲሳይ፣ ሹፌሯ። ነጭ ስቴሽን ዋገኗ አራት እግሯ ወልቆ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። ታደለ የቡሎን መፍቻውን ይዞ የሚያሸንፈውን ሰው ይጠብቃል።

«እኔ የጭነት መኪና ስነዳ አንተ በቅሎ ትነዳ ነበር» አሉ አቶ ወርቁ። «መኪና ጭቃ የሚወጣው ከኋላ ሲገፋ ነው። አዲስ ጎማ የሚገባው የሚገፋው ላይ ነው።»

«የጭነት መኪና ይገፋል። ሚኒባስም ይገፋል። ይቺ አትገፋም፣ ትጎትታለች። ሞተሯም ኃይሏም ፊቷ ላይ ነው። የኋላ እግሯ ዝም ብሎ የሚከተል ነው፤ እንደ ጋሪ።»

«እንደ ጋሪ ከሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ጋሪው ፈረሱን አይቀድመውም?»

አያ ሲሳይ ወደ እኔ ዞሩ።

«አዲሱ ተለዋጭ ሹፌር አንተ ነህ? መንጃ ፈቃድህ ምን ይላል፣ ከፊት ወይስ ከኋላ?»

«ስለ ጎማ ምንም አይልም፣ አያ።»

«እንግዲያው እኔን ነው የምትሰማው።»

ግን መኪናዋ የአቶ ወርቁ ናትና ታደለ አዲሶቹን ጎማዎች ከኋላ ገጠመ። ከፊት የገቡት ሊሾ ነበሩ። ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሰሃን ለስልሰዋል።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ የሚወስደው ዋናው መንገድ ጠጠር ስላለው ቢከፋም ያስኬዳል። ሰው የሚያልቅበት ከሱ እየተገነጠለ ወደየቀበሌው የሚወጣው መንገድ ነው። ዓለት ላይ ቀይ አፈር በስሱ የተቀባበት ዳገት። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና።

ከመጀመሪያዎቹ ዳገቶች በአንዱ ላይ የፊት ጎማዎቹ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭቃው ወደ መስኮት ይረጫል፣ መኪናዋ ግን ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ በጎኗ ወደ ቦዩ ትንሸራተታለች። አያ ሲሳይ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሱ።

«ጎማ ሲዞርብህ ነዳጅ አትጨምር» አሉኝ። «በጨመርክ ቁጥር ጉድጓድህን ነው የምትቆፍረው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ማንም ሳያዛቸው ጎረምሶች ሮጠው ከኋላ መከላከያዋ ላይ ተንጠላጠሉ። በኛ አገር ሚኒባስ ሲያንሸራትት ሁሌም የሚደረገው ይኸው ነው። ከኋላ ትጫናለህ፣ የሚገፋው ጎማ መሬት ይነክሳል። ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

«ውረዱ እባካችሁ» አሉ አያ ሲሳይ። «ጨረሳችኋት እኮ።»

«እያገዝን ነው እንጂ፣ አያ።»

«ቂጧን ስትጫኗት ፊቷ ይነሳል። ይቺ የምትጎትተው በፊቷ ነው። ኑ፣ ኮፈኑ ላይ ተቀመጡ።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። አንዱ በኽምጣኛ የሆነ ነገር ተናገረና ሌሎቹ ሳቁ። ምን እንዳለ ብጠይቀው «ሙሽራ ሆንን ነው ያልኩት» አለኝ። ኮፈኑ ላይ ተቀመጡ። ጎማዎቹ ትንሽ ያዙ፤ ትንሽ ወጣንና እንደገና ለቀቁ።

አያ ሲሳይ ቁልቁል መልሰው ሜዳው ላይ አዞሯትና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ዳገቱን በጀርባዋ መውጣት ጀመረች። ነገሩ ቀላል ነው። እንዲህ ስትሆን ፊቷ ወደ ታች ስለሚሆን ክብደቱ ሁሉ የሚሠራው ጎማ ላይ ያርፋል። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው፣ አንድ ክንዳቸውን የኔ ወንበር ላይ አስደግፈው፣ ነዳጁን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ወጡ። ጫፍ ላይ ዶሮ ታቅፋ ለገበያ የምትወርድ ሴት ቆማ አየችን።

«ይቺ መኪና ከማን ጋር ተጣልታ ነው ጀርባዋን የሰጠችው?»

«ከባለቤቷ ጋር» አሉ አያ ሲሳይ።

ወሬው እኛ ሳንመለስ ሰቆጣ ገብቶ ነበር። የወርቁ መኪና የኋሊት ትሄዳለች ተብሎ ሻይ ቤቱ ሁሉ ሲስቅ አቶ ወርቁ ሰሙ። በማግስቱ ታደለን ጠርተው አዲሶቹ ጎማዎች ወደ ፊት ይምጡ አሉ። ስላመኑ ሳይሆን ስላፈሩ ነው። ሊሾዎቹ ወደ ኋላ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ዳገት መውጣት ተማርኩ። ጭቃ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚነሳው፤ አንደኛ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማውን ያዞረዋል። ፍሪሲዮኑ እንደ እንቁላል ነው የሚለቀቀው። መሪው ቀጥ ይላል፤ ጎማው መዞር ከጀመረ ግን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ታወዛውዘዋለህ፣ ጠርዙ አዲስ መሬት ያገኛል። ከጎማው ጥቂት ነፋስ ታስተነፍሳለህ፤ ጠጠሩ መንገድ ላይ ስትመለስ መሙላት እንዳትረሳ። ሁሉም እምቢ ሲል ጠፍር አለ። የቀንበር ማሰሪያውን ጠፍር በቸርኬው ቀዳዳ አሾልከህ ጎማው ላይ ትጠመጥማለህ። ፍሬኑን እንዳይነካ በእጅህ አዙረህ ታያለህ። ሩቅ አያስኬድም፣ ግን አንድ ዳገት ያስወጣል።

ጎማ መምረጥንም ተማርኩ። ሻጭ ሁሌም የሚያሳይህ ጥርሱን ነው። ጥርሱ ጥልቅ ሆኖ ላስቲኩ ዕድሜ የጠገበ ጎማ ሞልቷል። የተሠራበት ጊዜ ጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል፣ አጎንብሰህ እሱን አንብብ። ከዚያ ጥፍርህን ጫን። ጥፍርህ ትንሽ ምልክት ካልተወ እርጥብ ዓለት ላይ ከእንጨት አይሻልም። ለጭቃ ጥርሱ የተራራቀ፣ ጭቃውን የሚተፋ ይሁን። የከተማ አስፋልት ጎማ ጥርሱ የተጠጋጋ ስለሆነ አንዴ ጭቃ ሲጎርስ ሊሾ ይሆናል። ታደለ ያለቀ ጎማ በጋለ ቢላ እየቀረጸ «ጥርስ አወጣሁለት» ይል ነበር። አያ ሲሳይ ደግሞ «ላየው ሰው ጥርስ ነው፤ ለጭቃው ድድ ነው» ይሉታል።

ግጥም በቃሌ የማጉረምረም ልማድ አለብኝ። ያን ጊዜም ነበረብኝ። አያ ሲሳይ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካዩ አይለቁኝም።

«ቤት እየመታህ ነው?»

«አዎ፣ አያ።»

«ቤት የሚመታው ቤት ሲገባ ነው። አሁን መንገዱን እይ፣ ሌላ ነገር እንዳትመታ።»

የቀረው ችግር ቁልቁለቱ ነበር። ከወልድያ ጎማ ሲመጣ ሁሌም ሁለት ነው። የሚቀጥሉት ሁለቱ እስኪመጡ የበፊቶቹ ያልቃሉ። ስለዚህ መኪናዋ አንድም ቀን አራት ጥሩ እግር ኖሯት አያውቅም። ስትወርድ ደግሞ ፊቷ ይከብዳል፣ ኋላዋ ይቀላል፤ የቀለለው ሊሾው ነው። አያ ሲሳይ መላ ነበራቸው። ዳገት ጫፍ ላይ ድንጋይ ከኋላ እንጭናለን፣ ታች ስንደርስ እናራግፋለን። ስንወጣ ሰው በኮፈኑ፣ ስንወርድ ድንጋይ በኋላ። ከየዳገቱ ሥር የኛ ድንጋይ ተቆልሎ ይታይ ነበር። ሌሎች ሹፌሮች «ሲሳይ፣ የደጋውን ድንጋይ እኮ ቆላ አወረድከው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። መጫኑን ግን ትተው አያውቁም።

ባለፈው ክረምት ትብለጥ የምትባል ልጅ ከዓረብ አገር በሳጥን ተመለሰች። አባቷ አቶ ኪሮስ ገበሬ ናቸው፤ ቀበሌያቸው ከአምደወርቅ መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ ነው። ሬሳውን ከአዲስ አበባ ያመጣው ትልቅ መኪና ሹፌር ሰቆጣ ላይ ቆመ። ዝናቡን አየና ውሌ እስከዚህ ነው አለ። ሰዎቹ አቶ ወርቁ ጋ መጡ።

«ለሬሳ ኪራይ አልቀበልም» አሉ አቶ ወርቁ። «ውሰዷት። ሲሳይ ያደርሳታል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህ መጻፍ አለበት።

የኋላ ወንበሮቹን አጥፈን ሳጥኑን አስገባን፤ ትንሽ ወደ ውጭ ስለተረፈ የኋላ በሯን በገመድ አሰርነው። አቶ ኪሮስ ከፊት ተቀመጡ። እኔና የልጅቷ ወንድም ዳገቱ ሥር ስንደርስ ኮፈኑ ላይ ወጣን። ቀባሪው ከኋላ በእግሩ ይከተላል። ሳጥኑ ኋላዋን ስለተጫናት መካከል ላይ ጎማዎቹ መሽከርከር ጀመሩ።

ወርጄ በመስኮቱ ጠጋ አልኩ። «አያ፣ አዙረን በኋላ ማርሽ ብንሞክርስ?»

አቶ ኪሮስ ሰሙኝ።

«የኋሊት?» አሉ። «ሄዳ ሳትመለስ ቀርታ ነው በሳጥን ያመጣናት። አሁን ደግሞ የኋሊት ቀዬዋ ልታስገቧት ነው?»

አያ ሲሳይ ሞተሩን አጠፉ። አልተከራከሩም።

«ጠፍር ያለው ሰው አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ከቀባሪዎቹ ሁለቱ አቅራቢያ ካለ ቤት ከቀንበር ላይ ፈተው አመጡ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክከን ሁለቱም የፊት ጎማ ላይ ጠመጠምን። አቶ ኪሮስም ወርደው አብረውን አሰሩ። እጃቸው ቋጠሮ ያውቃል። መኪናዋ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ እየጎተተች፣ ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ አቶ ኪሮስ የአያ ሲሳይን እጅ ይዘው ሊስሙ ሲሞክሩ አያ ሲሳይ እጃቸውን ነጠቁ።

ጠፍሮቹ ተበጥሰው ነበር። ፈታናቸው።

ቀብሩ ገና ሳያልቅ ደመናው ከወደ ምዕራብ እየጠቆረ መጣ። ዳግም ከዘነበ እዚያው ማደር ነው፤ አዳር ብቻም አይሆንም፣ መንገዱ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል። ሌላ ጊዜ ስንወርድ ተሳፋሪ ከኋላ ይኖራል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ቀብር ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ና ክብደት ሁነኝ አይባልም።

ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ተቆልሏል። ጥሩ ድንጋይ፣ ጠፍጣፋና ከባድ። አንዱን አንስቼ ወደ መኪናዋ መጣሁ።

«አስቀምጠው» አሉ አያ ሲሳይ።

«ለምን?»

«የስለት ድንጋይ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ሰው ከታች ጀምሮ በትከሻው ያወጣው ነው። ሰው በስለት ያወጣውን እኔ በመኪና ላወርደው?»

«ታች ስንደርስ እናስቀምጠውና በሌላ ቀን እንመልሰዋለን።»

«መቼ?»

ድንጋዩን ወደ ክምሩ መለስኩት። ሳስቀምጠው እሳቸው ቆመው ያዩ ነበር፤ ልክ በነበረበት ቦታ እንዲሆን የፈለጉ ይመስል።

«አንተ በእግርህ ቅደም» አሉኝ። «መታጠፊያው ጋ የፈረሰ የእርሻ ካብ አለ። ከሱ ለቅመህ ጠብቀኝ፣ እዚያ እንጭናለን። እስከዚያ ያለው አጭር ነው፣ በቀስታ እመጣለሁ።»

ወረድኩ። ጫማዬ ያዳልጠኝ ነበር፤ በጎን በጎኑ ሣሩን እየረገጥኩ ነው የሄድኩት። ካቡ ጋ ደርሼ ድንጋይ እያነሳሁ መንገዱ ዳር ደረደርኩ። ከባድ ከባዱን ከላይ አደረግሁ፣ ቀድሞ እንዲጫን። ከላይ የሞተሩ ድምፅ መጣ። አንደኛ ማርሽ ነው። ዝቅ ያለ፣ እኩል ድምፅ፣ ፍሬን የሌለበት። አወራረዱ ትክክል ነበር። ዛሬም ሳስበው ከዚያ የተሻለ አወራረድ አላውቅም።

መታጠፊያው ላይ መጀመሪያ ያየሁት የኋላ መብራቶቿን ነው።

ፊቷ ጋ ያሉት አዲሶቹ ጎማዎች መሬቱን ይዘው፣ ሊሾዎቹ ለቀው፣ ኋላዋ ዞሮ ቀድሟል። በመስታወቱ አያ ሲሳይ ይታዩኛል። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው፣ አንድ ክንዳቸውን የጎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ወደ ታች ያያሉ፤ ዳገት በኋላ ማርሽ ስንወጣ እንደሚያደርጉት። መሪውንም ያዞሩ ነበር። በደረደርኩት ድንጋይ አጠገብ አለፈች። አንዱንም አልነካችውም። ከዚያ መንገዱ አለቀባት።

ገደሉ ትልቅ አልነበረም። በቂ ነበር።

ትብለጥን የቀበሩት ሰዎች አፈሩ ከእጃቸው ላይ ሳይራገፍ ወረዱ። አያ ሲሳይን ከብረቱ ውስጥ አወጧቸው። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ሌላ መኪና ደግሞ እዚያ አይወጣም። ሲያወርዱን የነበሩትን ሰው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ አወረድናቸው። አቶ ኪሮስ ከፊተኞቹ ተሸካሚዎች አንዱ ነበሩ። ተቀየር ቢባሉ እምቢ አሉ።

በአያ ሲሳይ ለቅሶ ቤት አቶ ወርቁ አጠገቤ ተቀመጡ። «ከኋላ ብዬው ነበር» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ብጠላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን የመጀመሪያው ቀን ስለ ጋሪው የጠየቁት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ስለ ቁልቁለቱ እሳቸው ትክክል ነበሩ። ስለ ዳገቱ አያ ሲሳይ ትክክል ነበሩ። ሁለቱ ትክክል ሲደመሩ አራት ጎማ ይሆናሉ፤ አራት ጎማ ደግሞ አልነበረም።

በበጋው መኪናዋ ተጎትታ ወጣች፣ ተቀጥቅጣ ተቀባች። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ አቶ ወርቁ ታደለ ጎሚስታ ቤት አስጠሩኝ። ውጭ ያካፋል። ታደለ የቡሎን መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ወለሉ ላይ አዲስ ጎማ ተጋድሟል። ሁለት።

«ከኋላ ነው የሚገቡት» አሉ አቶ ወርቁ። «በዚህ ላይ ክርክር አልፈልግም።»

«ክርክር የለኝም፣ ጋሼ። የፊቶቹስ?»

ታደለ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። የቀረጻቸው ሁለት ያረጁ ጎማዎች ተደግፈው ቆመዋል። ጥርሳቸው ያምራል።

«በነዚህ ዳገት አትወጣም» አልኩ። «ሳትወጣ ስትቀር ደግሞ ተንደርድረህ ሞክር ይሉኛል። ተንደርድሬ ወጥቼ መካከል ላይ ከለቀቀችኝ መያዣ የለኝም። አያ ሲሳይን የበላቸው ቁልቁለቱ ነው፣ እኔን የሚበላኝ ዳገቱ ይሆናል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አራት ይግዙ። አራቱም እኩል፣ አራቱም የጭቃ።»

«ለአራት አቅም የለኝም። ታውቃለህ።»

«እንግዲያው ክረምቱ እስኪወጣ ትቁም።»

«ቆማ እኔ ምን እበላለሁ? አንተስ ምን ትበላለህ?»

የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ አዲሱ ጎማ ላይ አስቀመጥኩት።

ጌጡ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማን ነበር። ሹፌር ነው፤ ከሳውዲ ተመልሶ ሥራ ካጣ ቆይቷል። በትምህርት ቤት እኔን ይቀድም ነበር፤ በመሪም ከኔ አያንስም። ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳ።

«እኔ እወስዳታለሁ፣ ጋሼ» አለ።

ታደለ ጎማዎቹን እንደታዘዘ ገጠመ። ሲጨርስ ለጌጡ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። በሁለተኛ ተነሳ፣ ነዳጅ አትጨምር፣ ሰው ከኋላ እንዳይንጠለጠልብህ፣ በጀርባ መውጣት አትፈር፣ ጠፍር ያዝ። ለሌሎቻችሁ ሹፌሮችም የምጽፈው ከዚህ የተለየ አይደለም። የመጨረሻው ግን ይህ ነው። የምትጎትት መኪና ላይ ሁለት ጥሩ ጎማ ከፊት ብታስገባ ቁልቁለቱ ይገድልሃል፣ ከኋላ ብታስገባ ዳገቱ። አራቱም እኩል ካልሆኑ በጭቃ ወራት ከጠጠሩ መንገድ አትውጣ።

ጌጡ አላቋረጠኝም። እስክጨርስ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ሰማኝ።

«አያ ሲሳይ ይህን አያውቁም ነበር?» አለኝ።

«ያውቁ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉን እንደያዘ ወጣና ካፊያው እንዳይገባ የቆርቆሮውን በር ከኋላው ስቦ ዘጋው።